አሮጊት የተባሉት ቄቦች

የዶሮ እርጅና በእግሯ ይታወቃል ይላሉ፤ ቅርፊቱ ከሻከረ አርጅታለች ማለት ነው። በዚህ አባባል አንዲት ሴት ሌባ ስትባል ስላየሁ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አክስቴ ከባላቸው ጋር ከሸዋ ወደ ጎባ የመጡት ጦሩ ሰፍሮ ከተማው ገና ሲቆረቆር ነው። ያደግሁት እሳቸው ቤት ነው። ፊደል ቆጥሬ ንባብ እንደጀመርሁ «ይበቃሻል» ብለው ከቄሱ ዘንድ አስቀሩኝና ዶሮዎቹን አስረከቡኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ከዶሮ ጋር መዋሉ አልከፋኝም።

በዚያ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ አክስቴ አምስት ቄቦች ከቶጎና ወንዝ ማዶ ለምትኖር የኦሮሞ ሴት ለርቢ ሰጡ፤ አርብታ ጫጩቶቹን እኩል ሊካፈሉ። ቅርጫቱን ተሸክሜ ያደረስሁት እኔ ነኝ። ያኔውኑ በቄቦቹ ጣቶች መካከል ዱቄት የተነሰነሰ የመሰለ ነገር አይቻለሁ። የቤታችን አውራ ዶሮማ የእግሩ ቅርፊት እንደ ዛፍ ልጣጭ ተነስቶ ሲራመድ ያነክስ ነበር። ቄቦቹ ያደጉት እሱ በሚያድርበት ቆጥ ላይ ነው።

ለፋሲካ አንድ ሳምንት ሲቀር ሴትዮዋ አምስቱንም ከነጫጩቶቻቸው ይዛ መጣች። አክስቴ አንዷን ገልብጠው እግሯን አዩ። ከቅርፊቱ ሥር ነጭ እከክ ሞልቷል።

«ምነው፣ አያቴን ነው እንዴ ያመጣሽልኝ? ቄብ ሰጥቼሽ አሮጊት ትመልሺልኛለሽ?»

«ጊፍቲ፣ እመቤቴ፣ የራስዎ ናቸው። ቅንቅን ነው የያዛቸው።»

«ቅንቅን ላባ ውስጥ ነው የሚገባው። እግር ላይ ምን ሊበላ? አጥንት?»

በግቢው የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋ «አኒ ሃቱ ሚቲ» አለች፤ ሌባ አይደለሁም ማለቷ ነው። ቋንቋውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እንደሰማ የሆነ ግን አልነበረም።

ከአምስቱ ገብስማዋን አወቅኋት። የግራ እግሯ ትንሿ ጣት የተቆረጠችው በሩን ራሴ ስዘጋባት ነው። ይህንኑ ልናገር ብዬ ነበር፤ ግን ከአክስቴ ጀርባ ተሸሸግሁ። በማግስቱ አሽከር ተላከና ተሰረቁ በተባሉት ቄቦች ምትክ ሦስት እንቁላል ጣይ ዶሮዎቿን ከቤቷ ነጥቆ መጣ። ሁለቱ ለፋሲካ ታረዱ። እኔም በላሁ።

ሴትዮዋ ግን ዝም አላለችም፤ ሽማግሌ ይይልኝ አለች። ነገሩ ግቢያችን ውስጥ ከኮሶው ዛፍ ሥር ታየ። ሽማግሌው ከጦሩ ጋር የመጡ ጎረቤታችን ናቸው። የገብስማዋን እግር ቀና አድርገው አይተው «ይህችማ ጦሩን እየመራች የመጣች ናት!» አሉ። እንደገና ሳቅ። ሴትዮዋ መሬት መሬት ታያለች። ያ ሳቅ ነው ከአክስቴ ጀርባ ያስነሳኝ።

«አባባ፣ ደረቷን ይዳብሱት።»

«ምን አልሽ? አልሰማሁሽም።»

«የደረቷን አጥንት ጫፍ! ያረጀች ከሆነች ጠንካራ ነው። የቄብ ግን ይታጠፋል።»

ጣታቸውን ሰደዱ። እንደ ጆሮ ታጠፈላቸው። ሌሎቹንም ዳበሱ፤ ያው ነው። የተቆረጠችውን ጣት አሳየሁ፤ አንካሳውን አውራ ዶሮም አምጥቼ ፊታቸው አቆምሁት። «ቅንቅኑ የወጣው ከእኛው ቆጥ ነው» አልሁ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠራርገው በሕይወት የቀረችው አንዲት ዶሮ ትመለስላት አሉ። የሁለቱን ነገር «ተበልቷል፣ እንግዲህ ምን ይደረግ» ብለው አለፉት። ሌባ መባሏንማ ማን ያንሳው! አክስቴ «ልጅ አሳደግሁ!» ብለውኝ ወደ ቤት ገቡ።

ሴትዮዋን እስከ በር ተከትዬ መድኃኒቱን ጠየቅኋት። ሳትቆም ነገረችኝ፤ «እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፊ። ቅርፊቱን በጥፍርሽ እንዳትልጪ፣ ይደማል። የለሰለሰውን ብቻ በጨርቅ አሽተሽ ቅቤ ቀቢ፤ ቅንቅኑ ትንፋሽ ያጥረዋል። በየሳምንቱ ድገሚ። ቆጡን አቃጥይው።»

እንዳለችኝ አደረግሁ። «ለዶሮ እግር ቅቤ! የእኔ ራስ ደርቆ!» ይላሉ አክስቴ ባለፍሁ ባገደምሁ ቁጥር። አሮጌውን ቆጥ አንድጄ በአዲስ እንጨት ሠራሁ። አውራውንም ሳይቀር ቀባሁ። ከሁለት ወር በኋላ አሮጌው ቅርፊት ረግፎ ለስላሳው ወጣ። አንድ ቀን እንግዳ መጥቶ ዶሮዎቹን ሲያደንቅ አክስቴ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ቅንቅን መሆኑን እኮ ገና ሳየው ለይቼዋለሁ!» ደሜ ፈላ።

ከጫጩቶቹ መካከል ለእኔ የተሰጡኝ፣ አሁን አድገው ቄብ የሆኑ ሁለት ነበሩ። በማግስቱ ለማንም ሳልናገር በቅርጫት ይዤ ቶጎናን ተሻገርሁ። ሴትዮዋ አንዷን አንስታ እግሯን በአውራ ጣቷ ቁልቁል ሽቅብ አሸችው።

«ንጹሕ ነው። ግን ከእናንተ ቤት ዶሮ አልቀበልም። ነገ እግሯ ቢሻክር ማን ይመሰክርልኛል?»

«እኔ» አልሁ።

«አንቺ?» አለችና ቄቧን ወደ ቅርጫቱ መለሰቻት። «ይዤ የመጣሁ ዕለትም እዚያው ቆመሽ ነበር።»