በሬንጅ የሸፈንኩት ዝገት

በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ የነፍስ አባቴ ፊት እቀመጣለሁ። የዋሸሁትን፣ የተሳደብኩትን፣ ጾም የሻርኩበትን ቀን አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። እዚህች ላይ ስደርስ ግን እዘላታለሁ። "ሌላስ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም፣ አባቴ" እላለሁ። ይኸው ስንት ዓመት ሌላ የለም እያልኩ ተፈትቼ ስወጣ ኖርኩ። ሚስቴ አታውቅም፣ ልጆቼም አያውቁም። ይህን የምታነበው አንተ የመጀመሪያው ሰው ነህ፤ ማን እንደሆንክ ባላውቅ ነው መሰለኝ የደፈርኩት።

እኔ ባትላሜራ ነኝ። የተጨረማመተ የመኪና አካል ቀጥቅጬ አቃናለሁ፤ ዝገት የበላውን ቆርጬ በአዲስ ላሜራ እተካለሁ። አቃቂ መጥተህ ስለ ኃይሉ ባትላሜራ ብትጠይቅ "እጁ የተባረከ ነው" ይሉሃል። ይህን ቃል ሲሉኝ ወሬ እቀይራለሁ። ለምን እንደሆነ አሁን ትደርስበታለህ።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ታደገ ናቸው። በአንድ ፋብሪካ ጋራዥ ውስጥ ስምንት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸውም አጭር ነበር። የሠራሁትን በር በመዳፋቸው ይዳብሱና "ድገመው" ይላሉ። ደግሜው ስመጣ እንደገና ይዳብሱና ዝም ይላሉ። ዝም ካሉ አልፌያለሁ ማለት ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን "ጎበዝ" አላሉኝም፤ እኔ ሞኙ ግን ያችን ቃል ስምንት ዓመት ሙሉ ስጠብቃት ኖርኩ። ስለ ዝገት የነበራቸው ሕግ አንድ ነው። "ዝገት አይሸፈንም። ጤነኛው ብረት እስኪመጣ ትቆርጣለህ። ደረስኩ አልደረስኩ ብለህ አትጨነቅ፤ የበሰበሰው ብየዳ አይዝልህም፣ ራሱ ይነግርሃል" ይሉ ነበር።

ጋራዡ ውስጥ ደህና የብየዳ ማስክ የነበረው አንድ ብቻ ነው። እሱን ለእኔ ይሰጡኝና እሳቸው ፊታቸውን ወደ ጎን ዞር፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ይበይዳሉ። እምቢ ብል "እኔ ለምጄዋለሁ" ይሉኛል። አልለመዱትም ነበር። ጠዋት ጠዋት ዓይናቸው ቀልቶ እያለቀሰ ሲመጡ አይ ነበር። አይቼም ማስኩን አጠልቅ ነበር። ይህ ግን ዛሬ የምናዘዘው አይደለም፤ ይህስ ልጅነት ነው ሊባል ይችላል።

ፋብሪካው ወደ ግል ሲዞር ሁለታችንም ወጣን። እኔ ከዋናው መንገድ ገባ ብዬ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ። ጋሽ ታደገ ቤት ገቡ፤ የብየዳው ብርሃን የበላው ዓይናቸው ከዚያ ወዲያ ጥላና ቀለም ብቻ እንጂ ጠርቶ አላየላቸውም።

አንድ ጊዜ ከሳሪስ የመጣ የመኪና ደላላ አንድ አሮጌ የቤት መኪና ጎትቶ አመጣልኝ። ጣሊያን ሠራሽ ናት፣ ክሬም ቀለም፣ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። በሦስት ቀን አሳምርልኝ አለ። በሮቹንና የጎማ መሸፈኛዎቹን እንደ ሕጉ ሠራኋቸው፤ ቆረጥኩ፣ በየድኩ፣ ቀጠቀጥኩ፣ ቀዳዳ መድፈኛ ስቱኮ አላስነካኋቸውም። ሥሯ ስገባ ግን የኋላ ጎማዎቹን የሚይዘው ባልስትራ የሚታሰርበት ብረት በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ። ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው እሱ ነው። እሱን በደንብ ለመሥራት ግማሽ ወለሉን አንስቶ ሳምንት መልፋት ይጠይቃል። እኔ ምን አደረግኩ? ጆንያ በስቱኮ ነክሬ ቀዳዳው ውስጥ ጎሰጎስኩ፤ ላዩን በስስ ላሜራ ሸፈንኩ፤ ከዚያ ሥሯን በሙሉ ሬንጅ ቀባሁት። ሬንጅ የተቀባ ነገር ሁሉ አንድ ይመስላል። የሚገዛት ሰው ባለሙያ ይዞ ይመጣል፣ ባለሙያው ፍቆ ያገኘዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ይህ ልማድ ነው። በእኛ አገር አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ብቻውን አይሄድም፤ የሚያምነውን ባለሙያ ይዞ ይሄዳል። ባለሙያው አካሏን በጣቱ ያንኳኳል፣ ሥሯ ይገባል፣ ወጥቶ አንድ ቃል ይናገራል። ገዢው በዚያች ቃል ይገዛል ወይም ይተዋል።

ወር ሳይሞላ ጋሽ ታደገ ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ መጡ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ጉልበታቸውን ታመው ታክሲ መሳፈር አቅቷቸዋል። አንዲት ልጃቸው ሶስና መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ከፋብሪካው ሲወጡ በተሰጣቸው ገንዘብ ትንሽ መኪና ሊገዙ ነው። "ሳሪስ አንዲት አይቻለሁ" አሉና ራሳቸው ሳቁ። "አይቻለሁ እላለሁ እንጂ የታባቴ አይቼ። ዓይን ሁነኝ።"

ግቢው ስንደርስ ክሬም መኪናዋ ቆማለች። ደላላው አየኝና ፈገግ አለ። ስሜን አልጠራም፣ እኔም እንደማላውቀው ሆንኩ።

ጋሽ ታደገ የጎማ መሸፈኛውን በመዳፋቸው ዳበሱት። ከፊት ጀምረው እስከ ኋላው ድረስ፣ ቀስ ብለው፣ ልክ እንደ ድሮው። በጣታቸው አንኳኩ። ንጹህ ብረት ነውና ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። በሩ ጋ ደርሰው ቆሙ፣ እንደገና ተመለሱ። የብየዳውን መገጣጠሚያ እየፈለጉት ነበር፤ አላገኙትም። እኔ "ድገመው" እስኪሉ እየጠበቅሁ ነው።

"ይሄን የሠራው ማን ይሆን?" አሉ። "እጁ ይባረክ። ድገመው የማልለው ሥራ ዛሬ ገና አገኘሁ።"

ስምንት ዓመት የጠበቅኳት ቃል መጣች፤ የእኔ መሆኗን ሳያውቁ ሰጡኝ። ደስ አለኝ። ይህን ሳልደብቅ ልንገርህ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"ሥሯን አንተ ግባልኝ፣ እኔ ወገቤ አይታጠፍም" አሉኝ።

ካርቶን አንጥፌ በጀርባዬ ገባሁ። የቀባሁት ሬንጅ ከፊቴ አንድ ስንዝር ላይ አለ። በጎን የጋሽ ታደገ ጫማዎች ይታዩኛል፤ ጎን ለጎን ተጠግተው፣ እየጠበቁኝ። ብዙ ቆየሁ። ምን ማለት ይጠበቅብኝ ነበር? ጥፋቴን መናዘዝ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። "ልቤ አልወደዳትም፣ ሌላ እንፈልግ" ማለት ይበቃል። አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁኝ ትተዋት ይሄዱ ነበር። እኔ ግን የተባረከውን ሥራ ብልሹ ነው ማለት አቃተኝ። ያቺን ቃል ከተቀበልኩ ገና አምስት ደቂቃዬ ነበር። እንዴት ብዬ በገዛ አፌ ልመልሳት? ለአንዲት ሙገሳ ነው የሸጥኳቸው። ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ቸግሮኝ ነው እል ነበር።

ወጣሁና አቧራዬን አራገፍኩ። "ሥሯ ንጹህ ነው" አልኳቸው።

ገዙ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሶስና እናቷን ይዛ ከደብረ ዘይት ስትመለስ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ቦይ ውስጥ ገባች። ሶስና ትከሻዋ ተሰበረ። እትዬ ብርቄ ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ።

ሶስና የምትለው አንድ ነገር ነበር። "ከኋላ ግጭ ብሎ ወረደ፣ ከዚያ መሪው እምቢ አለኝ።" ሌላው ሰው ፈጥና ነው አለ። በሠልስቱ ጋሽ ታደገ እጄን ያዙና ከድንኳኑ ወጣ አደረጉኝ። "ልጅቷ መኪናው ነው ትላለች። ሂድና ሥሩን እይልኝ። አንተ ያልከኝን አምናለሁ" አሉኝ።

መኪናዋ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነበረች። አብረውኝ መጡ። ለሁለተኛ ጊዜ ሥሯ ገባሁ። ባልስትራው ከማሰሪያው ተገንጥሎ ወጥቷል፤ ከተገነጠለበት ቀዳዳ ውስጥ የጎሰጎስኩት ጆንያ ስቱኮው እንደነከሰው ተንጠልጥሏል። ሶስና ያለችው ቃል በቃል እውነት ነበር። እኔ ጆንያውን ጎትቼ አወጣሁትና ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት።

"በግጭቱ ነው የተገነጠለው" አልኳቸው።

"ከግጭቱ በፊት አይደለም?"

"አይደለም፣ ጋሼ።"

"እንግዲህ እሷው ናት" አሉና ወደ መውጫው መንገዱን በእጃቸው እየዳበሱ ሄዱ። ጆንያውን በማግስቱ ጋራዤ ውስጥ አቃጠልኩት።

ፍርድ ቤቱ የሶስናን እስራት በገደብ አለፈው። ቤቷ ውስጥ የተፈረደባት ግን ገደብ አልነበረውም። አባትዬው አልሰደቧትም፣ አላባረሯትም። ዝም አሏት። ምግብ ታቀርባለች፣ ይበላሉ። ልብስ ታጥባለች፣ ይለብሳሉ። ዓይናቸው ጨርሶ ሲጠፋ እሁድ እሁድ ትከሻዋን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር፤ ያንን የተሰበረውን ትከሻ፣ አንድ ቃል ሳይናገሯት። የሚሉት ሲኖራቸው "ውሃ ትስጠኝ በላት" ይሉኝ ነበር፣ አጠገባቸው ቆማ። እኔ አደርስ ነበር። በየሳምንቱ እየሄድኩ በአባትና በልጅ መካከል መልእክት አመላልስ ነበር። ሰፈሩ እንደ ልጅ ሆኖ ጦራቸው ይለኝ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚኖር? እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ ልነግራቸው በሩ ድረስ ሄጃለሁ መሰለህ። በሩ ጋ ስደርስ "ኃይሉ ነህ? ግባ ዓይኔ" ይሉኛል። በዚህ ቃል ላይ እንዴት ይነገራል?

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሩ። በመጨረሻ ሲደክሙ አስጠሩኝ። ሶስና ከግርጌያቸው ተቀምጣለች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ጠሯት።

"ሶስና፣ እናትሽን ስላጠፋሽብኝ ይቅር ብዬሻለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበልሽ።"

ወደቀች። እግራቸውን አቅፋ ስማ አለቀሰች። "እድሜ ይስጥልኝ አባዬ፣ እድሜ ይስጥልኝ" አለች። ላልሠራችው ይቅርታ ተሰጣት፣ አመስግና ተቀበለች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ገና ይሰሙ ነበር፣ ገና ይገባቸው ነበር። አልተናገርኳትም። መልካም ስሜን ይዘውልኝ እንዲሞቱ ፈለግሁ። ስለ ሥሯ ያልኩት ውሸት ፍርሃት ነው በለው፤ ጆንያውን የደበቅኩት ድንጋጤ ነው በለው። ይህኛውን ምን ትለዋለህ? እኔ ስም አጣሁለት። በማግስቱ አረፉ።

በአርባቸው ሶስና መዶሻቸውን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። "አንተ ዓይኑ ነበርክ። ከአንተ በቀር ለማን እሰጠዋለሁ?" አለችኝ። ተቀበልኳት። እስከዛሬ አንድ ቀን አልሠራሁበትም፤ ጋራዤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ደንበኞች "ያምራል፣ የማን ነው?" ይሉኛል። የአስተማሪዬ ነው እላለሁ።

ሶስና አሁን ገላን ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። አላገባችም። መሪ ከያዘች ስንት ዘመኗ ነው፤ ታክሲ ውስጥ እንኳ ከሾፌሩ አጠገብ አትቀመጥም። ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ቤት ተገናኘን። አንዲት ሴት ስለ እናቷ ጠየቀቻት። ሶስና ድምፅዋን ሳትቀይር "በእኔ እጅ ነው የሞተችው፣ ግን አባቴ ይቅር ብሎኛል" ብላ መለሰችላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እሱ ምስክሬ ነው፣ ነበረ" አለች።

ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። አዎ አልኩ። ይህን ቤተሰብ ስዋሽ አራተኛዬ ነው።

ስለዚህ ጻፍኩ። አንተ አንባቢዬ፣ ፍታኝ አልልህም፤ አንተ የበደልኩት ሰው አይደለህም። ደግሞ የምፈታበት መንገድ ያለ አይመስለኝም፤ ልነግራቸው የሚገባኝ ሰው ሞተዋል፣ ማስረጃውን አቃጥዬዋለሁ፣ የቀረው የውሸታም ቃል ብቻ ነው። ይህን ወረቀት ነገ ገላን ወስጄ ለሶስና እሰጣታለሁ። ይህን "ነገ" ስጽፈው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው።

ሶስና፣ ደርሶሽ ከሆነ እነሆ። ከኋላ ግጭ ብሎ ወረደ ያልሽው እውነት ነው። መሪው እምቢ አለኝ ያልሽው እውነት ነው። ጆንያውን የጎሰጎስኩት እኔ ነኝ፣ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ ብዬ አልለምንሽም። አባትሽ የሰጡሽን ያንን ይቅርታ ግን መልሽላቸው፤ ያንቺ አልነበረም።