በራሱ የሚነሳው ሰርቨር

ሚሊኒየሙ ሊገባ ዓመት ሲቀረው፣ ሰቆጣ ላይ መብራት ሲሄድም ሲመጣም ማንንም አያማክርም ነበር። ሲመጣ ልጆች በየሰፈሩ ይጮኻሉ። ከአንድ መሥሪያ ቤት ግቢም «ደጅይጥኑ! ኧረ ደጅይጥኑ የት ሄደ?» የሚል ጩኸት ይሰማል። ደጅይጥኑ ምሳ ላይ ከሆነ እጁን ሳይታጠብ ይሮጣል።

መሥሪያ ቤቱ ከአበርገሌና ከደሃና የሚመጣለትን የከሱ ሕፃናት ክብደት እየመዘገበ አልሚ ምግብ ያስልክላቸዋል። መረጃው የሚቀመጠው ሰርቨር በሚሉት ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰርቨሩን ማብራት፣ ዳታቤዝ የሚባለውን ፕሮግራም በእጅ ማስነሳት፣ መነሳቱን ማረጋገጥ፣ ከዚያ ሌሎቹን ኮምፒውተሮች ማገናኘት የግድ ነው። ይህን የሚያውቀው ደጅይጥኑ ብቻ ነበር። መረጃ የምታስገባው ጥሩሐረግ «እስቲ አሳየኝ» ስትለው «ቆይ፣ ሲመቸን» ይላታል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ስሙ ሲጠራ ደስ ይለው ነበር።

አምደወርቅ ያሉት እናቱ ወይዘሮ የሺመቤት ታመው አልጋ መያዛቸውን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነገረው። «ዓይኑን ልየው ብለዋል» አለው። ደጅይጥኑ ደንግጦ ኃላፊው ዘንድ ገባ።

«ጋሼ ወልደ ጻድቅ፣ ይፍቀዱልኝና ልሂድ።»

«ሂድ፤ ግን መብራት ቢጠፋ ማን ያስነሳዋል? የአበርገሌው መረጃ ገና አልገባም። እነዚያ ልጆች ምን ይብሉ?»

እናትም ሕፃናትም በአንድ ሚዛን ላይ ተቀመጡበት። በመጨረሻ ደጅይጥኑ ሰርቨሩ ያለ ሰው እጅ እንዲነሳ ለማድረግ ወሰነ፤ ያኔ ማንም አይዘውም። ለሾፌሩም «ለእናቴ፣ ለዚህ ለመብራቱ ጣጣ አንድ መላ አበጅቼ እመጣለሁ ብሏል በልልኝ» አለው።

ሥራው እንዳሰበው ቀላል አልሆነም። መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ ራሱ እንዲበራ፣ ቀጥሎ ዳታቤዙን እንዲያስነሳ ትእዛዝ ጻፈለት። ግን አንድ ነገር ያሳስበው ነበር። ባለፈው ክረምት ዳታቤዙ ሳይነሳ ስክሪኑ ደህና መስሎ፣ ጥሩሐረግ ከአበርገሌዋ ከኒሯቅ የመጣውን የሕፃናት ክብደት ከጠዋት እስከ ምሳ ስታስገባ ውላ አንዱም አልተገኘም። ያን ቀን አልቅሳለች። ስለዚህ ዳታቤዙ መነሳቱን ሰርቨሩ ራሱ ጠይቆ እንዲያረጋግጥ፣ መልስ ካጣ ደጋግሞ እንዲጠይቅ፣ ያም ካልሆነ በትልልቁ «አልተነሳም» ብሎ እንዲጽፍ አደረገው። «ከሞተ ሞተ ይበል፤ ሰው አያታልል» አለ፣ ኮራ ብሎ።

በመሀሉ ሰዉ ሁሉ ደግ ሆነበት። ጥሩሐረግ ምሳውን እጠረጴዛው ድረስ እያመጣች፣ ዓይኑን ሳታይ አስቀምጣለት ትወጣለች። ዘበኛው ያለወትሮው ከመቀመጫው ይነሳለታል። ጋሼ ወልደ ጻድቅም ትከሻውን ዳበስ አድርገው «እናትህ ተሽሏቸዋል አሉ፤ አይዞህ፣ ተረጋግተህ ጨርስ» አሉት። ደጅይጥኑ አመነ። ተሽሏቸዋል ከተባለ ብሎ፣ መሄድ ሲችል ተጨማሪ ቀን ወስዶ ትእዛዙን አሳመረው።

መብራት ሄዶ እስኪመጣ ሁሉም ሰርቨሩን ከበው ጠበቁ። መጣ። ማንም ሳይነካው ሰርቨሩ በራ፤ ጥቂት ቆይቶ «ዳታቤዙ ተነስቷል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሰዉ አጨበጨበ። ጥሩሐረግ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች፤ እሱ የደስታ እንባ መሰለው።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት የእናቱ ወንድም አያ ገብረ አምላክ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ከኋላቸው የአምደወርቅ ሽማግሌዎች፣ ጋሼ ወልደ ጻድቅ፣ ጎረቤቱ ሁሉ። እንዲህ ባለ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም። ደጅይጥኑ መሬት ላይ ተቀመጠ።

እናቱ ከተቀበሩ ሰንብተዋል። ተሽሏቸዋል የተባለ ቀን አፈር ለብሰው ነበር።

«መርዶ በመሥሪያ ቤት አይነገርም ብለን ነው» አሉ ጋሼ ወልደ ጻድቅ። «ዘመድ መጥቶ ይንገረው፣ እስከዚያው ሥራውን ይጨርስ ተባባልን።»

ወግ ነው። መርዶ በወጉ፣ በዘመድ አፍ፣ ማለዳ መነገሩን ማንም አይነቅፍም። ግን ወጉ ለሥራው እንዲህ መመቸቱ ያንገበግባል።

«መጨረሻ ላይ ምን አለች?» አለ ደጅይጥኑ።

አያ ገብረ አምላክ ፊታቸውን አዞሩ። «ምን ትላለች ልጄ፤ ‹መብራቱ ተበጀለት ወይ?› ትል ነበር። በሩ በተንኳኳ ቁጥር።»

ከዐርባው በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ማንም አይጠራውም። እሱ ግን በልማድ ብድግ ይልና፣ የሚሄድበት ሲያጣ ተመልሶ ይቀመጣል።

አንድ ቀን መብራት ሲመጣ ጥሩሐረግ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገባች። ደጅይጥኑ ስክሪኑ ፊት ቆሞ ያለቅሳል። ስክሪኑ በትልልቁ «ዳታቤዙ አልተነሳም» ይላል።

«ተበላሸ እንዴ?» አለችው ደንግጣ።

«ይሠራል» አላት። «አለመነሳቱን ወዲያው ነገረኝ።»

ጥሩሐረግ በሩ ላይ ቆመች።