ያልወረደው ብረት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። እናንተ ስሙኝና ፍረዱ። አስቀድሜ ግን ስለ ጀልባዋ ልንገራችሁ፤ እሷ ከተነሳች አፌ አያርፍም።

ትንሽ ናት፤ በመኪና ተጎትታ ትሄዳለች። ውስጧ ሁለት መኝታና አንዲት ምድጃ አላት። ድልድይ ሲመጣ ምሰሶዋ ይታጠፋል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ከሆዷ ሥር ያለው፣ ጀርመኖቹ ሽቬርት የሚሉት ከባድ ብረት ነው። ገመዱ ሲሳብ ወደ ውስጥ ይገባና ጥልቀት በሌለው ውሃ ትሄዳለች፤ ሲለቀቅ ይወርድና ነፋስ እንዳይገለብጣት ይይዛታል። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።

የገዛናት ከጋሽ እድሪስ ጋር ነው። ምጽዋ ተወልደው ባሕር ላይ ያደጉ ሰው ናቸው፤ እዚህ ፍራንክፈርት አንድ ኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ አብረን ሠርተን ጡረታ ወጣን። መሪው የሳቸው፣ ገመዱ የኔ ነበር።

በመጀመሪያው በጋ ማይን ወንዝ ላይ ከዳር ተነስተን ሸራውን ልንዘረጋ ስንል፣ "ብረቱ ወርዷል?" አሉኝ። እኔ ለባለቤቴ የምልከው ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነበር። ዞር ብዬ ሳላይ "ወርዷል ጋሼ" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ነፋሱ አንዴ ሲመታን ጀልባዋ በጎኗ ተኛች፤ እሳቸውም ውሃ ውስጥ ወደቁ። ጀልባዋ ስትቃና ጎትቼ አወጣኋቸው። ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ሳለ ገመዱን አየሁት፤ እንደታሰረ ነው፤ ብረቱ አልወረደም። ምን አደረግኩ? ጀርባቸውን ሲሰጡኝ ቀስ ብዬ ፈታሁት።

"እጄ አርጅቷል" አሉ። "ከእንግዲህ መሪውን አንተ ያዝ።"

"ኧረ ጋሼ" ብዬ አንዴ ተግደረደርኩና ያዝኩት። ዘጠኝ በጋ ያዝኩት። እሳቸው አንድ ቀን እንኳ መልሰው አልነኩትም።

ባለፈው እሁድ ኡንተርሊደርባህ ሰፈር ቤታቸው ተቀምጠን፣ ያን ቀን እንዴት ጀልባዋን እንደገለበጡ ለልጅ ልጃቸው አጫወቷት። ልጅቷ በጀርመንኛ "ኦፓ፣ አንተማ አትችልም" ብላ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። እኔስ? እኔም ሳቅኩ።

ቅዳሜ ሦስታችንም እንወጣለን። መሪውን በእጃቸው ሰጥቼ፣ ልጅቷ እየሰማች እነግራቸዋለሁ። እንደ ልጅ ቀን እየቆጠርኩ ነው፤ ልቤ አላርፍ ብሎኛል። ምን ይሉኝ ይሆን? መሪውን ጨብጠው ዝም ቢሉኝስ?

ቪዲዮው አዘናግቶኝ ነው ብዬ አላመካኝም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እሳቸውን ነው። ዘጠኝ በጋ ሙሉ፣ ነፋስ ሸራውን በሞላው ቁጥር፣ እሳቸውን ከፊቴ አስቀምጬ መሪውን ይዤ ደስ ብሎኛል።