የአስራ ሁለት ከአርባው ባቡር

ያን ቀን ጭጋግ ነበር። ከባቡሩ ስንወርድ የጣቢያው መብራቶች ገና አልጠፉም፤ ከፊቴ የምትሄደውን ሴት ጫማዋን እንጂ ጭንቅላቷን አላይም ነበር። ታላቅ እህቴ ግን በዚያ ጭጋግ ውስጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየችው። ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ስለወጣሁ፣ ወረቀት ረዘም ካለ እሷን እጠብቃለሁ።

«ባቡራችንን ሊያስቀሩት ነው» አለች።

ጠዋት አስራ ሁለት ከአርባ ላይ ከከተማ ወደዚህ ሰፈር የሚገባው ባቡር ተሳፋሪ ስለሌለው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንደማይኖር ነው የተጻፈው። የመጀመሪያው ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይሆናል። ተሳፋሪ የለውም የተባለው ባቡር አርባ አንድ ሴቶች አውርዶ ገና መንቀሳቀሱ ነበር።

ሰፈሩ ድሮ የፍራፍሬ እርሻ ነበር ይባላል። ሐዲዱ ሲዘረጋ አንድ ኩባንያ መሬቱን ሸንሽኖ «ከቢሮዎ ሃያ አምስት ደቂቃ» እያለ ለሐኪሙ፣ ለጠበቃው፣ ለባንክ ሰው ሸጠው። ሲገዙ የፈረሙት ደንብ እስካሁን ይሠራል። ሱቅ አይከፈትም፤ ልብስ ከመንገድ በሚታይበት በኩል አይሰጣም፤ የአትክልት አጥር ከወገብ አይበልጥም። ቤቶቹ ከመመሳሰላቸው የተነሣ አዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ሳምንት የሰው በር ላይ ቁልፍ ስታዟዙር ትገኛለች። ባለቤቶቹ አንድ ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደ ከተማ ይሄዳሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ። እስከዚያ ቤቱም፣ ውሻውም፣ ሕፃኑም በእኛ እጅ ነው። እርስ በርሳችን ስናወራ «እንግዶቹ» ነው የምንላቸው።

እህቴ እዚያ ሰፈር የገባችው በአስራ ስድስት ዓመቷ ነው። አባታችን ሲሞት ትምህርቷን ትታ ሸሚዝ ተኳሽ ሆነች፤ ከዚያ ምግብ አብሳይ፣ ከዚያ ልጅ ጠባቂ፣ ከዚያ ሁሉንም። ወረቀቱ በተለጠፈበት ዓመት የሰባት ቤት ቁልፍ በአንድ ቀለበት ይዛ ትዞር ነበር፤ ሳታይ በመዳሰስ ብቻ ትለያቸዋለች። የባቡሩን ሰዓት ሁሉ በቃሏ ስለያዘች ሴቶቹ «አለቅዬ» ይሏታል፣ ግማሾቹ በፍቅር፣ ግማሾቹ በነገር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከደረስን ሥራ እንደሌለን ሁላችንም ገብቶናል። እናቶቹ ከዚያ በፊት ይወጣሉ፤ ሕፃኑን ለማን ይተዉታል? እዚያው የምታድር ሠራተኛ ይቀጥራሉ። እኛ ደግሞ ማታ የምንገባላቸው ልጆች አሉን።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አልኩ። ይህን በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ብያለሁ። እህቴ ግን ቀጥታ የጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ገባች፤ ተከተልኳት።

«እህቴ፣ ዝም ብለን አይደለም» አላት ኃላፊው ሻዩን እያማሰለ። «ቆጣሪ አቁመናል። ሳምንቱን ሙሉ በሩ ላይ ቆሞ፣ ከዚያ ባቡር ወርዶ የሚወጣ ከሦስት ሰው በላይ አላገኘም።»

«የትኛው በር ላይ?»

«ያለው አንድ በር አይደል እንዴ?»

የእህቴ ፊት ሲለዋወጥ አየሁት። እኛ፣ ከሁለት ሦስት ሴቶች በቀር፣ በበሩ አንወጣም ነበር። ከጭነት ማራገፊያው ጀርባ አጥሩ ላይ ክፍተት አለ፤ በዚያ የሾለከ ስድስት ደቂቃ ያተርፋል። ወርኃዊ ካርድ ስለምንይዝ ትኬት ቆራጩም አያውቀንም። ክፍተቱን ከዚያ አስራ ሁለት ዓመት ቀድማ ያገኘችው፣ ሁላችንንም ያስለመደችን እህቴ ነች።

«እንደገና ይቆጠር» አለች።

«ወረቀቱ ተለጥፏል እኮ።»

«የለጠፈው እጅ ያነሳዋል። ስንት ሰው ነው የምትፈልጉት?»

«ሰላሳ።» ኃላፊው ሻዩን አስቀመጠ። «ሐሙስ ለአንድ ቀን ቆጣሪውን አቆምልሻለሁ። ሰላሳ ካልሞላ ግን ዳግም እዚህ ቢሮ አትምጪብኝ።»

ስንወጣ «ስድስት ደቂቃ አተረፍኩ ብዬ ከሰው ቁጥር አስወጣኋችሁ» አለችኝ።

ማታ ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ከወንበር ወንበር እየሄደች ሐሙስ ሁላችንም በዋናው በር እንድንወጣ ለሁሉም ነገረቻቸው። አንዷ ወጥ ቤት፣ ከሁላችንም ወፍራሟ፣ እግሯን ዘርግታ ሰማቻት።

«አለቅዬ፣ ይህን ጉልበት አንቺ ነሽ የምትሸከሚልኝ? በበሩ ዞሬ እስክደርስ እመቤቴ ሰዓቷን እያየች ነው የምትጠብቀኝ።»

«ሐሙስ አንድ ቀን ትቆጣሽ።»

«ብታባርረኝስ?»

«ባቡሩ ከቀረ የምትባረሪበትም ሥራ የለሽ።»

ወጥ ቤቷ እግሯን ሰበሰበች። «እንግዲያው ቆጣሪው እኔን ሁለት ብሎ ይቆጥር እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

ሁሉም ሳቀ። ግን ከኋላ የተቀመጡት አስራ ሁለቱ «እናያለን» ነው ያሉት። አስራ ሁለት ከጎደለ ሰላሳ አይሞላም።

ሐሙስ ባቡሩ ገና ሳይቆም እህቴ መውረጃው በር ላይ ነበረች። ወርዳ እየሮጠች ሄዳ ክፍተቱ ላይ ቆመች። አስራ ሁለቱ እንደልማዳቸው በዚያ መጡ። አልጮኸችም፣ አልለመነችም። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች፣ በቃ።

«አሳልፊን እንጂ አለቅዬ፣ ረፍዷል።»

«በዚህ ያሾለክኳችሁ እኔ ነኝ። ከዚህ የምመልሳችሁም እኔ ነኝ።»

አንዷ አጉረመረመች፤ ሌላዋ «ይቺ ሴትዮ ዛሬ አትንቀሳቀስም» ብላ ዞረች፤ የቀሩት ተከተሏት። እህቴ ከሁሉም ኋላ መጣች።

በሩ ጠባብ ነው። ማልደው ወደ ከተማ የሚሄዱት እንግዶች ሊገቡ፣ እኛ ልንወጣ ተገጣጠምን። ወጥ ቤቷ ብቻዋን በሩን ለአፍታ ዘጋችው። እህቴ ሸሚዙን ሃያ ዓመት የተኮሰችለት ጠበቃ ቆሞ ተመለከተን።

«ይሄ ሁሉ ሰው ከየት መጣ?» አለ።

«ሁልጊዜም አለን ጌታዬ» አለችው እህቴ። «ወደ እናንተ ቤት ነው የምንሄደው።»

ጠበቃው ቦርሳውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረና ለእሷ መንገድ ለቀቀ።

«አርባ አንድ» አለ ቆጣሪው።

«እኔን ጨምረህ ነው?»

«አንቺን ጨምሬ ነው።»

ወረቀቱ በሁለተኛው ሳምንት ተነሣ። የቅዳሜው ባቡር ግን ቀረ፤ ቅዳሜ የሚሠሩት አሁንም ሁለት አውቶቡስ ይለዋውጣሉ። ክፍተቱም በሽቦ ተዘጋ። እንዲዘጋ የጠየቀችው እህቴ ነች፤ ለስድስቱ ደቂቃ እስከ ዛሬ ያላናገሯት ሴቶች አሉ። ትክክል ነበርሽ ወይ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

አሁን እህቴ አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ግራ ጉልበቷን ያማታል፣ የምትሠራውም ሦስት ቤት ብቻ ነው። በአስራ ሁለት ከአርባው ባቡር ትመጣለች፤ በዋናው በር ትወጣለች።