አየር ያጠረው እትብት

ሐመልማል ፀዳ ከምትባል ትንሽ ከተማ እየተመላለሰች ጎንደር ከተማ ባለ አንድ ቤተ ሙከራ ትሠራለች። ሥራዋ እናቶች ፈቅደው ከሰጡት የአራስ እትብት ግንደ ሕዋስ፣ ማለትም ሌላ ዓይነት ሕዋስ መሆን የሚችል ሕዋስ፣ እያወጡ ማሳደግ ነው። ሕዋሳቱ ቁስል ያሽራሉ ተብሎ ተስፋ ተጥሎባቸዋል፤ ችግሩ ቁስሉ ላይ ሲደርሱ ቶሎ መሞታቸው ነው። አለቃዋ ዶክተር ክንዱ ታዲያ ገና ብልቃጥ ውስጥ ሳሉ ኦክስጅን እየቀነሰ ያለማምዳቸዋል። ችግር የለመደ ሕዋስ ይጠነክራል ባይ ነው።

የእያንዳንዱ ልጅ ሕዋስ ቁጥር በተሰጠው ብልቃጥ ለየብቻው ተቀምጧል። ብዙዎቹ ደከሙ። አሥራ ሰባት ቁጥር ግን አየር በቀነሱበት መጠን በረታ። ሐመልማል ደስ ሊላት ሲገባ ብልቃጦቹ ያሉበትን ሣጥን በከፈተች ቁጥር ሰውነቷን ውርር ያደርጋት ጀመር።

አንድ ጠዋት ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ከሳንጃ መጣች። ወለተሩፋኤል ትባላለች።

«ልጄ በሦስተኛው ቀን ሞተ፤ ክርስትና እንኳ አልተነሳ» አለች። «አሁን በሕልሜ እየመጣ ‹ገና አልተቀበርኩም› ይለኛል። የሰጠኋችሁ እትብት የት አለ?»

ሐመልማል መዝገቡን ገለጠች። አሥራ ሰባት ቁጥር ነው።

«በምን ሞተ እህቴ?»

«አየር አጥሮት። ሲወለድም አላለቀሰ።»

ሐመልማል ልትደብቃት አልሆነላትም። የማጉያ መሣሪያው ካሜራ ያነሳውን ቪዲዮ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችላት። ሕዋሳቱ መካከል ላይ አንድ ጭረት አለ፤ ቀጫጭን ነገሮች ከግራና ከቀኝ እየዳሁ ወደ ጭረቱ ይመጣሉ።

«ማን አቆሰለው?»

«እኔ። ሲድን ለማየት ነው።»

«ምነው እንዲህ ፈጠነ?»

«አየር ቀንሰንበት ነው።»

ሴትዮዋ መዳፏን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አሳረፈች። «ምነው ታዲያ ያኔ አቃተው?»

«እሱ እኮ አይደለም፤ ሕዋሱ ነው።»

«የእሱ ካልሆነ የማን ነው?»

ክንዱ ተጠርቶ ሲመጣ ሴትዮዋ «ልውሰደውና ልቅበረው» አለችው። የወራት ድካሙን ብልቃጥ ከሣጥኑ አውጥቶ አየው። «ፈቃዱ የእሷ ነው፤ ካለች እንሰጣታለን» አለ።

«መጀመሪያ አየሩን መልሱለት» አለች ወለተሩፋኤል። «አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ይተንፍስ።»

መለሱለት። በማግሥቱ ሐመልማል ሣጥኑን ስትከፍት በአየር እጦት ያልሞቱት ሕዋሳት ሁሉ አሁን ሞተው፣ ከብልቃጡ ወለል ተላቀው እንደ ነጭ ብናኝ ተንሳፍፈዋል። ሌሎቹ ቁጥሮች እዚያው ሣጥን ውስጥ ምንም አልሆኑም።

ሴትዮዋ በር ላይ ቆማ ነበር። «ተነፈሰ?»

ሐመልማል ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልላ አስጨበጠቻት። «ተነፈሰ።»

ወለተሩፋኤል ሳንጃ ወስዳ ቀበረችው፤ ሕልሙም ቀረላት። ሐመልማል ሥራዋን አልለቀቀችም። የአየር መቀነሻውን ቁልፍ ግን አትነካም፤ እሱን ክንዱ ራሱ ነው የሚያዞረው።