እትዬ ጆሮ እና ሁለቱ በሮች

ሲኒማ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እትዬ ጆሮ» ነው የሚላት። የታችኛውን አዳራሽ መውጫ በር ስትከፍትና ስትዘጋ ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። ፊልም ሲያልቅ በሩን ይዛ ትቆምና ሰው እየወጣ የሚያወራውን ትሰማለች። ሐሙስ ሐሙስ ሥራ አስኪያጁ መጥቶ «እህ፣ ፊልሙ ይቆይ ወይስ ይውረድ?» ይላታል፤ አንድ ቃል ትመልሳለች። ከእሱ በፊት ሥራ አስኪያጅ የነበረው አባቱም በእሷ ጆሮ ነበር የሚሠራው።

ባለፈው ወር ግን ተሳሳተች። «ይውረድ» ያለችውን ፊልም ማዶ ያለው ሲኒማ ቤት ወሰደው፤ ሰው በሰው ላይ ተረማመደበት። ሥራ አስኪያጁ «ይሄ ከተደገመ ለተመልካቹ መጠይቅ እናድላለን፤ እርስዎም ያርፋሉ» አላት። ማረፍ! ቤቷ ተቀምጣ ግድግዳ ልታዳምጥ ነው?

የዚህ ሳምንቱ ፊልም ደግሞ ጉድ ነው። አንድ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ አለ። ላይ የሚኖሩት ድካማቸውን በአሳንሰር ወደ ታች ይልካሉ፤ ታች ያሉት ይደክሙላቸዋል። መጨረሻ ላይ አሳንሰሩ ባዶውን ወርዶ በሩ ወለል ይላል፤ ማንም አይገባበትም። በቃ፣ መብራት በራ።

«ሰነፎች!» አለ አንዱ እየሳቀ ሲወጣ። «በሩ ተከፍቶላቸው!»

ሚስቱ ዓይኗን ትጠርጋለች። «አንተ ብትሆን ትገባ ነበር?»

«እንዴታ!»

«ትናንት አሳንሰር ፈርቶ ስድስት ፎቅ በእግሩ የወጣው ማነው ታዲያ?»

ከኋላቸው ወገቡን የደገፈ ሸክም አውራጅ «ታችኞቹ አንጀቴን በሉት፤ እንኳን እንደነሱ አልሆንኩ» አለ። እትዬ ጆሮ ግራ ገባት። ይሄ ከታችኞቹ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

ላይ፣ ውዱ ወንበር ላይ የሚቀመጠው የሰገነቱ ተመልካች በሌላ በር እንደሚወጣ ትዝ ያላት ያኔ ነው። እዚያ የምትሠራው የእህቷ ልጅ ናት፤ ረቡዕ ዕለት በር ተቀያየሩ። ሽቶው ቀድሞት የሚደርስ ሰውዬ ደረጃውን እየወረደ «ምስኪን እኛ!» ይላል ለጓደኛው፣ «የስንቱን ድካም ተሸክመን ነው የምንኖረው!»

የባሰ አታምጣ! የላዩ ታች ነኝ ይላል፣ የታቹ አይደለሁም ይላል። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች።

ሐሙስ ሥራ አስኪያጁ መጣ። «እህ፣ ይቆይ ወይስ ይውረድ?»

«አላውቅም፣ ልጄ።»

«እንዴት አላውቅም? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብለው አያውቁም!»

«በአንድ በር ስሰማ ነዋ የኖርኩት። አሁን በሁለቱም ሰማሁና ጠፋብኝ። እስቲ ና፣ አንተው ቁም።»

እጁን ይዛ በሩ ላይ ገተረችው። ፊልሙ ካለቀ ሩብ ሰዓት አልፏል፤ ሰዉ ግን አልተበተነም፣ በር ላይ ቆሞ ይጨቃጨቃል። አንዲት አሮጊት የሥራ አስኪያጁን ክንድ ለቀም አደረጉ። «ባለቤቱ አንተ ነህ? ለምንድነው ያልገቡት? እዚህ ያለው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚነግረኝ።»

«እኔ እንኳ…» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እህ፣ ይውረድ?» አለችው እትዬ ጆሮ በጎን።

«ቆይ እስቲ፣» አለ ግንባሩን እያሻሸ፣ «ቆይ…»

ፊልሙ ሌላ ሳምንት ቆየ፤ የመጠይቁንም ነገር ያነሳ የለም። «አላውቅም» ማለቷ ልክ ሆኖ ይሁን እሱም ግራ ገብቶት ይሁን፣ እትዬ ጆሮ እስካሁን አልገባትም። አንድ ቀን ከታች፣ አንድ ቀን ከላይ ትቆማለች።