«ለጊዜው» የተባለችው መስመር

ታናሽ እህቴ ፈሪ ናት። በልጅነታችን ጥላዋን ትፈራ ነበር። አድጋ የሁለት ልጆች እናትና የሆስፒታል ፕሮግራመር ሆናም ሊፍት ትፈራለች፣ ውሻ ትፈራለች፣ አለቃዋን ደግሞ ከሁለቱም አብልጣ ትፈራ ነበር። ስቄባት አላውቅም ብል ውሸት ነው።

ባለፈው ወር ግን አልሳቅሁም። በሆስፒታሏ ድንገተኛ ክፍል አንዲት የኩላሊት ታማሚ ገባች። የማይስማማት መድኃኒት የተጻፈበት ካርድ ኮምፒውተሩ ላይ እስኪከፈት አርባ ሰከንድ ፈጀ። ሐኪሙ መጠበቅ አልቻለም፤ ያንኑ መድኃኒት ወጋት። ሴትየዋ ለጥቂት ተረፈች።

ጥፋቱ ወዲያው ባለቤት ተገኘለት፤ ካርዶቹ የሚቀመጡበትን የመረጃ ቋት የሠሩት፣ ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር የቀራቸው ጋሽ ኤሊ። ቀስ ብለው ስለሚራመዱ የወጣላቸው ስም ነው። «ከኤሊ ምን ፍጥነት ይጠበቃል?» ተባለ። አለቃው ሰኞ የስንብት ደብዳቤ እንደሚሰጣቸው ተናገረ። መዘግየቱ ከየት እንደመጣ የለካ ሰው ግን አልነበረም። እዚያ ቢሮ ጥፋተኛ የሚገኘው በግምት ነው።

እህቴ ዓርብ ረፋድ ላይ ፕሮፋይለሩን አስነሳች፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ የትኛው የትእዛዝ መስመር ላይ ስንት ጊዜ እንደሚያጠፋ የሚለካ መሣሪያ ነው።

«እየፈራሁ ነው ያስነሳሁት» አለችኝ።

«ያንቺ ጥፋት መሆኑን ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ስላላወቅሁ ነዋ የፈራሁት!»

የታማሚዋን ካርድ እያስከፈተች ለካች። ከአርባው ሰከንድ ሠላሳ ስምንቱን የበላችው አንዲት መስመር ናት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ መስመሯ እህቴ ራሷ የጻፈቻት ነበረች። ከአራት ዓመት በፊት አሮጌው ማተሚያ በፕሮግራሙ ፍጥነት ማተም አልችል እያለ ሲያስቸግር፣ ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ የምርመራ ውጤት በኋላ ለአፍታ እንዲያርፍ አዘዘች። ከላይ «ለጊዜው» ብላ ጻፈችና ወሊድ ፈቃድ ወጣች። ማተሚያው ተጣለ፤ መስመሯ ቀረች።

«ገባሽ?» አለችኝ። «አንዴ የመጣ ታማሚ አንዴ ይጠብቃል። ሁለት መቶ ጊዜ የተመላለሰ ሁለት መቶ ጊዜ ይጠብቃል። አብዝቼ ያስጠበቅሁት አብዝቶ የታመመውን ነው።»

መስመሯን ሰረዘች። ካርዱ በሁለት ሰከንድ ተከፈተ። አለቃው ከኋላዋ ቆሞ ኖሮ አጨበጨበ።

«አየሽ? ኤሊው ሊወጣ ነው ሲባል ነገሩ በረረ!»

ጋሽ ኤሊ ጥግ ላይ የሻይ ብርጭቋቸውን በጋዜጣ እየጠቀለሉ ነበር። ሰምተዋል፤ ቀና ግን አላሉም። እህቴ ዝም ብትል የሚያውቅ ሰው የለም። ልጆቿ ታወሷት፣ የዚያች ታማሚ ቤተሰቦችም ታወሷት።

«ጋሼ፣ አይጠቅልሉት» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ድምፅዋ ስላልወጣ አለቃው «ምን አልሽ?» አላት። ደገመችው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብስ ነበር አለችኝ።

ሰኞ ደብዳቤው ወጣ። የተጻፈው በእህቴ ስም ነው።